የሁለት ሞተር መቀናጆ

እኔን ጉድ የሚሠራኝ አፌ ነው። እሱ ሳያማክረኝ ይናገራል፤ እኔ ደግሞ የተናገረውን ለመፈጸም ወር ሙሉ ስንከራተት እከርማለሁ። እስቲ ፍረዱኝ፤ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ሐይቅ በሌለበት፣ ዋና የሚችል ሰው በመብራት ቢፈለግ በማይገኝበት አገር፣ «ውሃ ላይ የምትበር ጀልባ እሠራለሁ» ብሎ በስብሰባ መሐል የሚናገር ጤነኛ ሰው አለ? እኔ ተናግሬያለሁ። ቃለ ጉባኤም ተይዞብኛል።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ዘጠኙንም ዓመት በጠመኔ። ኃይል ሲባል ሰሌዳው ላይ ቀስት እስላለሁ፤ ብዙ ኃይል ሲባል ቀስቱን አስረዝማለሁ። ቤተ ሙከራ የለንም እንዳልል አለን። ውስጡ አንድ እግሩ የጎደለ ጠረጴዛ፣ አንድ ሳህኗ የጠፋ ሚዛን፣ ሆዱን አይጥ የበላው የሰው አካል ሥዕል አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ ያችን ክፍል እወዳታለሁ። ቁልፏ ኪሴ ውስጥ ሲንቃጨል መምህር መምህር ይሸተኛል። አንድ ቀን ዕቃ ይሟላልኛል፣ ተማሪዎቼም ቀስት ማየት ትተው እውነተኛ ነገር ሲንቀሳቀስ ያያሉ እያልኩ ነው ዘጠኝ ዓመት የከረምኩት።

በጥቅምት አጋማሽ ስብሰባ ላይ የስፖርቱ መምህር አስማረ እጁን አወጣ። አስማረ የስማዳ ልጅ ነው። ከወገዳ ወዲያ ካለ መንደር ትምህርት ቤት በየቀኑ በሩጫ እየተመላለሰ ስላደገ ባቱ ድንጋይ ነው። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው ሲያይ ያመመው ይመስለዋል።

«ኳሶቼ ማደሪያ የላቸውም። መረቡን አይጥ ጨርሶታል። ያ ቤተ ሙከራ የተባለው ክፍል ይሰጠኝ፤ እዚያ ውስጥ ሲሠራ ያየነው ነገር የለም» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የተናገረው እውነት ስለሆነ መልስ አጣሁ። እኔ መልስ ሳጣ አፌ አያጣም። «በወር ውስጥ ውሃ ላይ የምትበር ጀልባ ሠርቼ አሳያችኋለሁ! በሩጫ የሚቀድማት ካለ ይሞክር!» አልኩ።

ለምን ጀልባ? አትጠይቁኝ። በዚያው ሰሞን በስልኬ አንድ ፈረንጅ ክንድ የምታክል ጀልባ ውሃ ላይ ሲለቅና እሷም ውሃውን ነካ ነካ እያደረገች ስትበር አይቼ ነበር። ስለ ንብ ማነብ አይቼ ቢሆን ኖሮ ማር አመጣለሁ እል ነበር።

ርዕሰ መምህራችን በርጋታ የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ የሚጎዳችሁንም ነገር በርጋታ ነው የሚናገሩት። «መልካም፣ መምህር። የወላጆች ቀን ኅዳር አሥራ አራት ቅዳሜ ነው። ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ኩሬ ዳር እንሰበሰባለን። ጀልባዎና መምህር አስማረ ከአንድ ቦታ ይነሡ፤ እሷ ውሃውን ታቋርጥ፣ እሱ ዳሩን ይዙር። እሷ ወዲያ ማዶ ቀድማ ከደረሰች ቁልፉ ከርስዎ ጋር ይቆያል። እሱ ከቀደመ ቁልፉን ለኳሶቹ ያስረክባሉ» አሉ። ጸሐፊው ጻፈ። አለቀ።

ሞተር መምረጥ ሚስት ከመምረጥ ይከብዳል ልል ነበር፤ ባለቤቴ እናና ይህን ማንበቧ ስለማይቀር አልልም። ግን ይከብዳል። የመጀመሪያውን ከተበላሸ የሲዲ ማጫወቻ ፈታሁት። ፕሮፔለሩን ከአሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ ቆርጬ አወጣሁ። ጀልባዋን የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው ነጭ ፎም ቀረጽኩ። የብስክሌት ጎማ ሽቦ በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ አሳልፌ ሞተሩን ከፕሮፔለሩ ጋር አገናኘሁና በእናና የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ አስቀመጥኳት። ሞተሩ ዝዝ አለ። ፕሮፔለሩ ሲዞር ያምራል። ጀልባዋ ግን ከአባቷ ቤት እንደምትወጣ ሙሽራ እግሯን እየጎተተች ከሳፋው ወዲህ ጫፍ ወዲያ ጫፍ ለመድረስ ዕድሜዬን ጨረሰችው።

እናና የታጠበውን ልብስ ልታለቀልቅ ቆማ ትጠብቅ ነበር። «ይቺን ነው ከአስማረ ጋር የምታሽቀዳድም?» አለችኝ።

«ሞተሩ ደካማ ነው፤ ጠንካራ አመጣለሁ።»

«ሳፋዬን ግን አሁን አምጣ።»

ጠንካራው ሞተር የተገኘው ከትምህርት ቤቱ የእርሻ ክበብ ነው። መያዣው ተሰንጥቆ የተጣለ፣ በጀርባ የሚታዘል፣ ባለ ባትሪ የጸረ ተባይ መርጫ ነበር። አስፈቅጄ ሞተሩን ፈታሁት። ስይዘው ይከብዳል፤ ደስ አለኝ። ለጠንካራ ሞተር ትልቅ ፕሮፔለር ነው የሚገባው ብዬ ከዘይት ቆርቆሮ የእጄን መዳፍ የሚያህሉ አራት ምላሶች ቆርጬ፣ ጠምዝዤ፣ ገጠምኩለት። ፈረንጁም ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ሊነግረኝ ነበር። «የሞተሩና የፕሮፔለሩ ነገር ትልቅ ምስጢር አለው፤ ምስጢሩም...» የሚል በሚመስል ፊት ጣቱን እንዳነሣ ኔትወርኩ ሄደ። ስልኬ ላይ ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ፈረንጁ ጣቱን እንዳነሣ ሦስት ቀን ቆየ።

ምስጢሩን ሳልሰማ ሳፋው ውስጥ ሞከርኩት። አበስኩ ገበርኩ! የሳፋው ውሃ ግማሹ ግድግዳው ላይ፣ ግማሹ እናና ላይ ሆነ። ቀጥሎ ሞተሩ አጓራ፣ ከዚያ አቃሰተ፣ ከዚያ አንድ የሚቃጠል ነገር ሸተተ። እናና ከአናቷ እስከ እግሯ ውሃ እያንጠባጠበች ጀልባዋን ከሳፋው አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ» አለች። ጀልባዋን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ሙከራው ለሙከራ ተከፈተ፤ ለዚህም ቢሆን እናናን አመሰግናታለሁ።

እዚያም በባልዲ ውሃ ስሞክረው ያው ነው፤ ያጓራል፣ ያቃስታል፣ ይሸታል። ሽታው የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጋሼ ውበቱን ጠራልኝ። ጋሼ ውበቱ ጉልበታቸው እስኪደክም ያረሱ ሰው ናቸው። እርሻውን ለልጃቸው ትተው እኛ በር ላይ ቢቀመጡም፣ አሁንም ሰማዩን የሚያዩት ይዘንብ እንደሆነ እንጂ ሰዓቱን ለማወቅ አይደለም።

«ምን ተቃጠለ?» አሉ።

«ሞተሩ ደካማ ሆኖብኝ ነው ጋሼ።»

ጎንበስ ብለው ቆርቆሮውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ይኼ ምንድን ነው የሚሠራው?»

«ውሃውን ወደ ኋላ እየገፋ ጀልባዋን ወደ ፊት ያስኬዳል።»

«እንግዲያ ማረሻው ነዋ! ኧረ መምህር፣ ምን ነካህ? በሬው ምን አደረገህ? ማረሻውን እዚህ ድረስ አጥልቀህ ሰድደህበት እንዴት ይሂድልህ? የጠለቀ ማረሻ የማንንም በሬ ያስለግማል። ና እስቲ መቁረጫህን ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው። ከእያንዳንዱ ምላስ ግማሹን ቆረጡ። ከአራቱ ሁለቱን ነቅለው ጣሉ። የቀሩትን ሁለቱን በጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው ጥምዛዛቸውን ቀነሱት። «አሁን ላይ ላዩን ይላጥልሃል» አሉ። ባልዲው ውስጥ ነክሬ ለቀቅኩት። ሞተሩ ማጓራቱን ትቶ ዘፈነ! እውነቴን ነው፣ እንደ ዋሽንት ቀጥ ያለ ድምፅ አወጣ። ባልዲው ራሱ በመሬቱ ላይ ተንሸራተተ። ፈረንጁ ጣቱን አንሥቶ ሊነግረኝ የነበረው ምስጢር ይኸው ነበር፤ ጋሼ ውበቱ ያለ ኔትወርክ ነገሩኝ።

ደስታዬ ግን ኩሬው ድረስ ነበር። ኩሬው ዳር አስማረ ለልምምድ ወጥቶ አገኘሁት። ጀልባዋን ስለቃት ሄደች፤ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ግን አስማረ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ፣ እያፏጨ፣ በርምጃ ዞሮ ማዶ ደረሰና ቁጭ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ እንደገና አሰረ። እሷ ገና መሐል ላይ ነበረች። «አይዞሽ፣ አትቸኩይ» እያለ በእጁ ጠራት።

ኃይል ያስፈልጋታል ብዬ የሞተር ሳይክል ባትሪ ተውሼ ጫንኩባት። ፍጥነት የጨመረችው ያኔ ነው፤ ግን ወደ ታች። እስከ ወገቤ ገብቼ ነው ያወጣኋት። የኅዳር ውሃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ልንገራችሁ ብል ጥርሴ ስለሚንቀጫቀጥ አልጨርሰውም።

ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ቀለል ያሉትን ትንንሽ ሴሎች ፈትቼ ተካሁ። ጀልባዋ ከመስጠም ዳነች፤ ፍጥነቷ ግን ያው ነው። የወላጆች ቀን ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጋሼ ውበቱ ፊቴን አይተው ቆሙ።

«ምን ሆነሃል?»

«ሁለት ሞተር ያስፈልገኛል ጋሼ። ያለኝ አንድ ነው።»

«አንድ በሬ ያለው ሰው ምን ያደርጋል?» አሉ፤ እንደ አስተማሪ ጠየቁኝ።

«መቀናጆ ይፈልጋል።»

«ታዲያ!»

ለከተሜ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው አንድ በሬ ብቻ ያለው ሌላ ሰው ይፈልግና በሬዎቻቸውን ያቀናጃሉ። አንድ ቀን ጥማዱ የዚህኛው ነው፣ በማግስቱ የዚያኛው። ተራው የሆነ ሰው ሁለቱንም በሬ የራሱ አድርጎ ያርሳል፤ በዚያ ቀን የታረሰው መሬት የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ይህን ቃል የሚያፈርስ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚያቀናጀው አያገኝም።

እኔ ነገሩን በቀልድ ነበር የያዝኩት። ጋሼ ውበቱ ግን ቀልድ አያውቁም። እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ዞር ዞር ብለው አዩና አንድ ሰው ጠሩ። የኔን የመሰለ የመርጫ ሞተር ያለው ማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ያልታየው ለእኔ ብቻ ነው። ሽምብራ የዘራ፣ ሽምብራውን ትል የጀመረበት፣ አዲስ መርጫ የገዛ ሰው። አስማረ!

«ጋሼ፣ እሱማ ባላጋራዬ ነው!» አልኩ በሹክሹክታ።

«በሬ አለው አይደል?» አሉኝ። ወደ አስማረም ዞረው፣ «ልጄ፣ መምህር አንድ ሞተር አለው፤ አንተም አንድ አለህ። አቀናጀው» አሉት።

አስማረ ወደ እኔ አየ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አየ፤ ወደ ጋሼ ውበቱ አየ። የገበሬ ልጅ ነው። በአደባባይ መቀናጆ ተጠይቆ እምቢ ማለት አንደበቱ አልቻለም። «እሺ» አለ፤ «እኔን ለማሸነፊያ መሆኑን እያወቅሁ እሺ። ተራው ግን ይከበር።»

«ይከበራል» አልን። ነገ ሰኞ ሽምብራውን ይርጭበት፤ ማክሰኞ የኔ፣ ረቡዕ የሱ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል ተባለ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ማክሰኞ የኔ፣ ረቡዕ የሱ፣ ሐሙስ የኔ፣ ዓርብ የሱ፣ ቅዳሜ የኔ። ቅዳሜ የኔ! ሳቄን ለመደበቅ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ሁለቱን ሞተሮች ጀልባዋ ላይ በአግድም በመታሁት ጣውላ ግራና ቀኝ ጠመድኳቸው። ለሁለቱም ጋሼ ውበቱ የቆረጡትን ዓይነት ትንሽ ፕሮፔለር አደረግሁላቸው። ኩሬው ላይ ለቀቅኳት። ወይ ጉድ! ውሃውን ሰንጥቃ ተወነጨፈች፤ ከዚያ ወደ ግራ ታጠፈች፤ አሁንም ወደ ግራ፤ አሁንም ወደ ግራ። ዞራ እኔው እግር ሥር መጣችና እንደገና ሄደች።

ጋሼ ውበቱ በትራቸውን ተደግፈው ሳቁ። «ይኼማ ውቂያ ነው! አውድማ ላይ ያለች መሰላት እንዴ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ? እኩል ነው የተከልኳቸው።»

«እኩል ስለተከልካቸው ነዋ። የአስማረ አዲስ ነው፤ ያንተ አርጅቷል። ጠንካራና ደካማ ስትጠምድ፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ የምታስርበትን ጠፍር ወደ ጠንካራው ታስጠጋለህ። ለደካማው ክንዱ ይረዝምለትና እኩል ይጎትታሉ። ይኼን ጥጃ ያስለመደ ሁሉ ያውቀዋል።»

ቆሜ ቀረሁ። ኃይል ሲባዛ በርቀት! ይህን ነገር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ፤ ፈተና አውጥቼበታለሁ፤ የወደቁትን ገሥጬበታለሁ። አንድ ቀን ግን እውነተኛ ነገር ላይ መኖሩ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የአስማረን ሞተር ወደ መሐል አስጠጋሁ፤ የራሴን ወደ ጣውላው ጫፍ ገፋሁ። ለቀቅኳት። ቀጥ! እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብላ ኩሬውን አቋርጣ ማዶ ሣሩ ላይ ወጣች። ጋሼ ውበቱን አቅፌ ሳምኳቸው። «ተው፣ ባርኔጣዬን» አሉ፤ ግን እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር።

ረቡዕ ሁለቱን ሞተሮች ፈትቼ ለአስማረ ሰጠሁ። አንዱን መርጫው ላይ ገጥሞ ሽምብራውን ረጨ፤ የኔን ደግሞ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ምን ይሠራልሃል ብዬ ብጠይቀው፣ «ተራዬ ነው» አለኝ። ሐሙስ መጣሁ፤ ጋሼ ውበቱ ከአስማረ የተረከቧቸውን ሞተሮች በከረጢት ይዘው፣ «ዛሬ ሚካኤል ነው፤ አይጠመድም» አሉኝ። አልተከራከርኩም፤ አንድ ቀን ቢቀርብኝ ምን አለ፣ ጀልባዋ እንደሆነ ሄዳለች። ዓርብ ጋሼ ውበቱ ከረጢቱን እግራቸው ሥር አድርገው በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። «እንዴት አደሩ ጋሼ» ብዬ አለፍኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ለተማሪዎቼ የነገውን ድል ስነግራቸው ዋልኩ።

ቅዳሜ! ወላጁ፣ ተማሪው፣ ከብቱን ውሃ ሊያጠጣ የመጣው ሁሉ ኩሬውን ከቦታል። ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ከእኔ ተቀብለው ከፍ አድርገው አሳዩ። እናና ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ኮቴን አስተካክዬ፣ ጀልባዬን ይዤ፣ ወደ ጋሼ ውበቱ ሄድኩና እጄን ዘረጋሁ።

ከረጢቱን ለአስማረ ሰጡት።

«ጋሼ! ዛሬ የኔ ተራ ነው!»

«የሱ ነው» አሉ ጋሼ ውበቱ።

«ማክሰኞ የኔ፣ ረቡዕ የሱ፣ ሐሙስ የኔ...»

«ሐሙስ ሚካኤል ነበረ። በበዓል በሬ አይጠመድም፤ ተራ አይቆጠርም፤ ወደ ማግስቱ ይሻገራል። ዓርብ ያንተ ነበረ። ይዤልህ ስጠብቅ ዋልኩ፤ እንዴት አደሩ ብለኸኝ አለፍክ።»

«ታዲያ ምነው አይነግሩኝም?»

«ተራውን የማያውቅ ገበሬ አለ እንዴ?»

እዚያ ከተሰበሰበው ወላጅ አንድም ሰው አልደነገጠም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከፊት የተቀመጡት ቄስ ጭምር፣ «ልክ ናቸው፤ የዛሬው የመምህር አስማረ ነው» አሉ። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁት እኔ ብቻ ነኝ መቁጠር ያቃተኝ።

ርዕሰ መምህሩ ግራ ገባቸው። «ታዲያ ውድድሩስ?»

አስማረ ከረጢቱን ጨብጦ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ዛሬ ሁለቱም ሞተሮች የኔ ናቸው። እንግዲያ ጀልባዋን የምለቃት እኔ ነኝ። ሩጫውን እሱ ይሩጥ! ጀልባዋ ከቀደመች ቁልፉ የኔ፣ እሱ ከቀደመ የሱ።»

ሕዝቡ በጭብጨባ አጸደቀው። ከገዛ ጀልባዬ ጋር ልሽቀዳደም ነው! እግሬ ከሰሌዳ እስከ ጠረጴዛ ካልሆነ በቀር የትም ተራምዶ አያውቅም።

«በል ግጠምልኝ» አለ አስማረ፤ እሱ አያውቅበትም። ተንበርክኬ ሞተሮቹን ጣውላው ላይ መትከል ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ሰይጣን የመጣው። እኩል ብተክላቸው ጀልባዋ እዚያው ስትዞር ትውላለች። እኔ እንደ ኤሊ እየሄድኩ፣ መንገድ ላይ ምሳ በልቼ ብደርስ እንኳን አሸንፋለሁ። ቁልፉ ኪሴ ይመለሳል። ከአስማረ በቀር የሚያይ የለም፤ እሱም አያውቅም። የራሴን ሞተር ወደ መሐል አስጠጋሁት። ቀና ስል ተማሪዎቼ በዓይናቸው ጀልባዋን ሊበሏት ደርሰዋል። ዘጠኝ ዓመት በቀስት ያታለልኳቸው ልጆች አንድ ቀን እውነተኛ ነገር ሊያዩ ተሰብስበው፣ ያንንም ላበላሽባቸው? አልቻልኩም። ሞተሩን ወደ ጫፉ መለስኩና ብሎኑን አጠበቅሁ።

«ዝግጁ!» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ፊሽካው ተነፋ።

ሮጥኩ። ሩጫ ከተባለ። ጥቂት እንደሄድኩ ትንፋሼ አለቀ፤ ኮቴ ክንፍ አወጣ፤ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። «ቲቸር! ቲቸር!» ይላል ተማሪው። መንገዴ ላይ ውሃ የሚጠጡ ሁለት በሬዎች ነበሩ፤ በላያቸው መዝለል ስለማልችል ይቅርታ ጠይቄ ዞርኩ። እንደ ዞርኩ ዓይኔ ወደ ውሃው ሄደ።

እናንተዬ! አፍንጫዋን ከፍ አድርጋ፣ በሁለት በኩል ነጭ አረፋ እየዘረጋች፣ ኩሬውን ለሁለት እየከፈለች ስትመጣ! ሁለቱ ሞተሮች አንድ ድምፅ ሆነዋል። ወደ ግራ አትል፣ ወደ ቀኝ አትል። እንዲህ የሚያምር ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም። በአንድ ጫማ ቆምኩ። ሩጫው፣ ቁልፉ፣ ክፍሉ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ባርኔጣ ቢኖረኝ እወረውር ነበር፤ ስለሌለኝ ሁለተኛውን ጫማዬን ወረወርኩ። «በርቺ! በርቺ የኔ ልጅ! ቀጥ በይ!» እያልኩ ጮህኩ። በራሴ ላይ ነው የምጮኸው፤ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው የኔን ያህል የጮኸ የለም። ተማሪዎቼም «ቲቸር»ን ትተው «ጀልባዋ! ጀልባዋ!» አሉ።

ማዶ ደርሳ አልቆመችም፤ ሣሩ ላይ ዘልላ ወጥታ ፍጻሜውን ለማየት ወደዚያ ከተሻገሩት ቄስ እግር ሥር አረፈች። ቄሱ እንደ መባረክም እንደ መሸሽም አደረጋቸው። አስማረማ በቁሙ ውሃው ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ድረስ ቆሞ እጁን እያወራጨ፣ «አያችሁ? አያችሁ? እኔ ነኝ የለቀቅኋት!» ይላል።

ርዕሰ መምህሩ በርጋታ ቁልፉን ለአስማረ ሰጡት። አጨበጨብኩ። ወደ ቤት በባዶ እግሬ ስሄድ ነው ያጣሁት ነገር የገባኝ። እናና አብራኝ እየሄደች ጭቃ ያልበላውን አንዱን ጫማዬን በእጇ ይዛ ነበር። «ብሎኑን ስትፈታ አይቼሃለሁ፤ መልሰህ ስታጠብቀውም አይቼሃለሁ» አለች። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ።

ሰኞ ጠዋት ክፍሌን ልሰናበት ሄድኩ። መረቦች፣ ኳሶች፣ የላብ ሽታ ጠብቄ በሩን ገፋሁ። አንድም ኳስ የለም። ባለ ሦስት እግሩ ጠረጴዛ በድንጋይ ተደግፎ ቆሟል፤ ላዩ ላይ ውሃ የሞላ ሳፋ አለ። አስማረ በእጁ ባለ ሦስት ምላስ ፕሮፔለር ይዞ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ሳፋው ላይ አጎንብሷል። ሲያየኝ ቀና እንኳን አላለም።

«በሩን ዝጋው፤ ንፋስ ውሃውን ያንቀሳቅስብኛል። ስማ፣ ሦስት ምላስ ብናደርገውና ጥምዛዙን ትንሽ ብንቀንሰውስ? ዛሬ ያንተ ተራ ነው፤ ና ያዝልኝ።»

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ ሞተሩን ከያዝኩለት በኋላ ነው የጠየቅሁት።

«ኳሶቹስ?»

«ክፍሉ አይበቃንም ብዬ አንተ ቤት ላክኋቸው» አለ፤ ዓይኑ ፕሮፔለሩ ላይ ነው። «አሥራ አራት ናቸው። እናና ቆጥራ ተረክባለች፤ ይቺን ሳፋ ስትሰጠኝ።»